ከክፉ ቀን በኋላ፤ ጎንደርና ወገራ እንዴት አገገሙ?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬን አልፎ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ዐይኑ የሚያርፈው በገብስና በስንዴ ማሳ ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ በወገራ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ ያገኘው ይህንኑ የእህል አገር ነበር። የነገሥታቱ ከተማ እንጀራዋን የምታገኘው ከደንቢያ ሜዳና ከወገራ ደጋ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ጦርነትና ከጦርነት ስለ ማገገም በተወራ ቁጥር የሁላችንም ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ግንቡ ነው፤ ግንቡን ያቆመው ማሳው መሆኑ ይረሳል። በዚህ ጽሑፍ አንባቢን ወደ ማሳው ልወስድ አስቤአለሁ። (ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።)

ጉዳዩን ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ ብዙም ከማይርቀው ከዳባት ወረዳ ደረሰ። ጭና በተባለው ቀበሌ የትግራይ ኃይሎች ሰላማውያን ሰዎችን እንደ ገደሉ ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት መዝግቦታል። በትግራይ ምድር የደረሰው እልቂትና ውድመትም ከዚህ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በተነሣው ሌላ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «መልሶ ግንባታ» የሚለው ቃል ከየአዳራሹ ሲሰማ ኖሯል። ለመሆኑ ከጦርነት በኋላ መልሶ የሚገነባው ምንድን ነው? የሚገነባውስ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ጎንደርና ወገራ ራሳቸው፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ካለፉበት መከራ፣ የሚሰጡት መልስ አለ።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች፣ አባቶቻችን ደርቡሽ የሚሏቸው፣ በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመሩ ደንቢያ ገቡ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ገጥመዋቸው ተሸነፉ። የንጉሡ ጦር ከተበተነ በኋላ በድል አድራጊውና በጎንደር መካከል የቆመ ኃይል አልነበረም። ከተማዪቱ ተዘረፈች፤ አርባ አራት ናቸው ከሚባሉት አብያተ ክርስቲያናቷ አብዛኞቹ ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ወደ ኦምዱርማን ተነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የጎንደር ሰው ንቦች ወጥተው ጠበቁት ይላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ደርቡሽ ያቃጠላት ጎንደር ሙሉ ጎንደር አልነበረችም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ መጻሕፍቷንም አስጭነው መቅደላ አግብተዋል፤ ከነዚያም ብዙዎቹን እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወስደዋቸዋል። ስለ 1880 እሳት እያለቀስን ስለ 1859 እሳት ዝም የምንል ከሆነ የምንጽፈው ታሪክ ሳይሆን ክስ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ሊታወቅ የሚገባውን ያህል አይታወቅም። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። አሳባቸው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ እኔ ወደ አንተ አገር ዘልቄ ድኻውን ብገድል፣ አንተም ወደ እኔ አገር ዘልቀህ ድኻውን ብትገድል፣ ለሁለታችንም ምን ይረባናል? የሁለታችንም ጠላት ፈረንጅ ነው፤ በመካከላችን ነጋዴ ይመላለስ። አቡ አንጃ የመለሰው ስድብ ነበር፤ እርሱም ወር እንኳ ሳይሞላው ታሞ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱም በበኩላቸው፣ ለድኻው የተቆረቆረውን ያን ደብዳቤ በላኩበት ወራት፣ ጦራቸውን ይዘው ጎጃም ላይ ነበሩ፤ የተክለ ሃይማኖትን ማመፅ ለመቅጣት የዘመተው ሠራዊት የጎጃምን ገበሬ ባዶ እጁን አስቀረው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ጦርነቱ ተደርጎ፣ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሊያጋድል ሲል ዐፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፤ ሞቱም። ድል አድራጊው ወገንም ድሉን ተቀምጦ አልበላውም። በሱዳን በዚያው ዓመት የወረደውን ረኀብ ሱዳኖች እስከ ዛሬ በሒጅራው 1306 ዓመት መጨረሻ ቁጥር «ሰነት ሲታ» ብለው ያስታውሱታል። ገላባት ላይ ሰፍሮ የነበረው የደርቡሽ ጦር ከጥይት ይልቅ በረኀብ አለቀ።

እስከዚህ ያለው የእሳትና የሰይፍ ታሪክ ነው፤ አገር እንዲህ ካለው ይተርፋል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ዘወትር የሚያስገርማቸውን ነገር ይጠይቃል። ጠላት አንድን አገር በእሳትና በሰይፍ ያጠፋዋል፤ ጥቂት ዓመታት አልፈው ያ አገር እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገኛል፤ ይህ እንዴት ይሆናል? ሚል እንደሚለው ተአምር የለበትም። ጠላት ያጠፋው እህልና ዕቃ ጠላት ባይመጣም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልቶና አልቆ በአዲስ ይተካ ነበር። ሕዝቡ ከነእውቀቱ ካለ፣ መሬቱም ካለ፣ ያንኑ እንደገና ያመርታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመንና ጃፓን ከፍርስራሽ የተነሡበትን ፍጥነት ያየ ሰው ሚልን ሊያምን ይገደዳል። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ አሜሪካ በማርሻል ፕላን ለምዕራብ አውሮፓ የሰጠችው አሥራ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ግድም ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዳሩ ግን የወደቀው ማሽን እንጂ መሐንዲሱና ሠራተኛው ስላልነበር ነው ገንዘቡ ፍሬ ያፈራው። ሚል ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ሕዝቡ በጦርነቱ ጊዜ ያላለቀ፣ ከጦርነቱም በኋላ በረኀብ ያልሞተ እንደ ሆነ ነው።

ጎንደርና ወገራ የጎደላቸው ይህ ቅድመ ሁኔታ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው የታመሙ ከብቶች የተነሣ ወረርሽኝ አገሩን ወረረው። ሕዝቡ ይህን በሽታ «ደስታ» ይለዋል፤ ክፉን ነገር በክፉ ስሙ ላለመጥራት ይመስላል። ከከብቱ ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ይባላል። ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ፤ ቀጥሎ ፈንጣጣና ተስቦ መጣ። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ይህን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ሰየሙት። የአገሪቱ ሕዝብ ሢሶው አለቀ የሚለው ቃል ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የተነገረ ግምት ነው፤ ነገር ግን አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የተረኩትንና በ1959 ዓ.ም. የታተመውን ትዝታቸውን ያነበበ ሰው ግምቱን በቀላሉ አይጥለውም።

እንግዲህ ያንን ገበሬ አስቡት። ቤቱ ሣርና ጭቃ ነው፤ ቢቃጠል በአንድ በጋ መልሶ ይሠራዋል። ጎተራው ቢዘረፍ በአንድ ጥሩ መኸር ይሞላዋል። በሬው ከሞተ ግን ጥጃ አድጎ ቀንበር እስኪለምድ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ለዚያውም ላም ከተረፈች ነው። በዓለም ላይ ካለው እርሻ የእኛን የሚለየው ይህ ነው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የጥንት የበሬ እርሻ ያለን እኛ ነን፤ ስለዚህም የበሬ ሞት እንደ እኛ የሚጥለው ሕዝብ አልነበረም። በዶማ የሚያርሰው የደቡብ እንሰት ተካይ የተሻለ ተቋቁሞታል። ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር ስለ ገባቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው በሕዝብ ፊት ቆፈሩ፤ መኳንንቱንም አስቆፈሩ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትሕትና ትርኢት ይተርከዋል። በእኔ አስተያየት ትልቅ የኢኮኖሚ እርምጃ ነው፤ የሞፈርና የቀንበር ልጅ ዶማ መያዝን እንደ ውርደት በሚቆጥርበት አገር ንጉሡ ውርደቱን አነሡለት።

ያልሞተው በሬ እንዴት እንደ ተከፋፈለ ደግሞ የመንግሥት ሰነድ አይነግረንም፤ ቋንቋው ግን ይነግረናል። አንድ በሬ ያለው ካንድ በሬ ካለው ጋር የሚጣመድበት መቀናጆ፣ ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት ወንፈል፣ በሬ የሌለው መሬቱን በሬ ላለው የሚሰጥበት የእኩል እርሻ፤ እነዚህ ቃላት በጎንደር ገጠር ዛሬም ሕያዋን ናቸው። በክፉ ቀን የተፈጠሩ አይደሉም። ያለ እነርሱ ግን ከክፉ ቀን መውጣት ባልተቻለ ነበር። እርዳታ ይዞ የሚመጣ ድርጅት በሌለበት ዘመን የመልሶ ግንባታው ባንክ ጎረቤት ነበር።

መሬቱን በሚመለከት የርስት ሥርዓት ብዙ ስድብ ደርሶበታል፤ ክርክር ያበዛል፣ መሬት ይቆራርሳል ተብሏል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከስደት ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና አልነበረም። በበጌምድርና በሰሜን ያለ ሰው ከአቅኚ አባቱ መወለዱን እስካስመሰከረ ድረስ፣ ዓመታትን በባዕድ አገር ቢያሳልፍም፣ ርስቱን ሊጠይቅ ይችላል። ዘመዱ ሊሟገተው ይችል ይሆናል፤ መጻተኛ ነህ ሊለው ግን አይችልም። ዛሬ ተፈናቃይ ወደ ቀዬው እንዲመለስ ስንነጋገር የሚጎድለን ይህን የመሰለ፣ ቀበሌ ሊሽረው የማይችል መብት ነው።

ስለ እውቀት ሚል ያለው በጎንደር በሁለት መንገድ ተፈትኗል። መጻሕፍቱ ተቃጠሉ፤ ዜማውና አቋቋሙ፣ ቅኔውና ትርጓሜው ግን በሊቃውንቱ ቃል ውስጥ ስለ ነበር አልተቃጠለም። ጎንደር በአታ ዛሬም የአቋቋም ምስክር ቤት ነው። ይህ የደስታው ወገን ነው። ሌላው ወገን ያሳዝናል። በደንቢያ፣ በወገራና በሰሜን ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላውን የሚሠሩት በብዛት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ርስት የላቸውም፤ በሰላሙ ጊዜ እንኳ «ቡዳ» እየተባሉ የሚፈሩና የሚገለሉ ነበሩ። ክፉ ቀን መንደሮቻቸውን ባዶ አደረገ፤ የምንኵስና ሥርዓታቸው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ብረት ቀጥቃጩ የሞተበት ገበሬ፣ በሬ ቢያገኝ እንኳ ማረሻ ከወዴት ያመጣል? የናቁት እጅ ምን ያህል አገር ተሸክሞ እንደ ነበር የታወቀው በዚያ ጊዜ ነው፤ የታወቀ ከሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የኢትዮጵያ ገበሬ ትልቁ ጠላት ከድንበር ማዶ የመጣው ሠራዊት ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ሠራዊትም ነበር። ወታደር ደመወዝ የለውም፤ በገበሬው ቤት ይመራል፤ የገበሬውን እንጀራ ይበላል፣ በገበሬው እሳት ይሞቃል፤ ሲዘምት በመንገዱ ያለውን አገር እየበላ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጀመሪያ ይህን ለማስቀረት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ መጨረሻቸውም ራሳቸው ዘራፊ ሆኑ። ከክፉ ቀን ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ዐፄ ምኒልክ የአሥራትን ሥርዓት ደነገጉ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ያገባል፤ ወታደሩም ቀለቡን ከዚያ ይቀበላል፤ ከገበሬው ቤት ይወጣል። በወረቀት ላይ ግብር ብቻ የሚመስለው ይህ ድንጋጌ በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ የመልሶ ግንባታ ሥራ ነው። ለገበሬው አዲስ ነገር አልሰጠውም፤ የሚወሰድበትን ለካለት። ልኩ የታወቀ ዕዳ ያለበት ሰው ትርፉን አስልቶ ጥጃ ያሳድጋል፤ ዛሬ ማታ ማን መጥቶ እንደሚያርድበት የማያውቅ ሰው ግን ጥጃውን ራሱ አርዶ ይበላዋል። ዐዋጁ በሁሉም ቦታ አልተፈጸመም፤ ወታደሩም በአንድ ጊዜ ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም። አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር።

ይህን ካመሰገንን ዘንድ ሌላውን መደበቅ አይገባም። የመካከለኛው አገር ከብት የተተካው በርቢ ብቻ አልነበረም። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ በተደረገው ዘመቻ፣ አብሮ የዘመተው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም እንደ ጻፈው፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት ተነድቷል፤ ሰውም እንደ ከብት ተነድቷል። የአንዱ አገር ማገገም የሌላው አገር ክፉ ቀን ሆነ። የወላይታ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሣ «አገር ማቅናት ነው» ብሎ አፉን ለማስያዝ የሚሞክር የጎንደር ወይም የሸዋ ምሁር፣ ደርቡሽ በጎንደር ላይ ያደረገውን ሊኰንን የሚችልበት ሚዛን አይኖረውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈውን መቶ ሺህ የሚገመት ጦር ስናይ፣ ረኀቡ ካበቃ አራት ዓመት ያህል ብቻ እንደ ሆነው እናስታውስ። ሚል ቢያየው ባልተገረመ። ጎንደር ግን ወደ ቀድሞ ቦታዋ አልተመለሰችም። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ሸዋ ሄዷል፤ አዲስ አበባ ተቈርቍራለች። ለጎንደር የተረፈላት የሱዳን ንግድ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከኸሊፋው ጋር ተላልከው ቂሙን አበረዱት፤ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል መተማና ገላባት በድንበር ተለዩ፤ ነጋዴው ግን ተሻገረ። ዐፄ ዮሐንስ በደብዳቤ ጠይቀው ያጡት የነጋዴ መመላለስ፣ እርሳቸው በሞቱበት ስፍራ ገበያ ሆኖ ቆመ።

በሬውና ገበያው ተመልሶ ሰው ከሰው ካልታረቀስ? በዚህ በኩል የበለጠ የሚያስተምረን የአሥራ ስድስተኛው ምእት ዓመት ነው። የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦርነት በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሲያበቃ፣ ከክርስቲያኑ ወገን እጅግ ብዙ ሰው በግዴታም በውዴታም ሃይማኖቱን ለውጦ ነበር። በሰይፍ እንቅጣው ቢባል አገር ባዶ ይቀር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የተመላሾች የንስሐ ሥርዓት በሆነው በመጽሐፈ ቄድር እየጸለየች ተቀበለቻቸው፤ በደለኛው ስሙን ሳይሆን ሥራውን አጥቦ ገባ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የሁለት እናቶች ሥራ ነው። የንጉሡ የገላውዴዎስ እናት ሰብለ ወንጌል ልጃቸው ሚናስ በምርኮ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ የኢማሙ ሚስት ድል ወንበራም ልጅ በክርስቲያኑ እጅ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተላልከው ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ያ የተለወጠ ልጅ ሚናስ በኋላ ነገሠ። ጦርነቱ በዚያ አላበቃም፤ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ነገር ግን ደም የተቃባ ወገን እንኳ ሊነጋገርበት የሚችል አንድ ጉዳይ እንደማይጠፋ ያን ጊዜ ታይቷል።

ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. የከብት ደስታ ከዓለም ገጽ መጥፋቱ በይፋ ተነገረ፤ የወገራ ገበሬ ዛሬም በበሬ ያርሳል፤ ሌላ በሬ ግን ተጨምሮበታል፤ ማዳበሪያ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ለአቤቱታ እስከ ባሕር ዳር እንደ ሄደ እናስታውሳለን፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። መንገድ ተዘግቶ ማዳበሪያ በሰኔ ካልደረሰ በመስከረም ቢደርስ እንደ ሞተ በሬ ነው። ታጣቂው ደግሞ፣ የመንግሥት ይሁን የተቃዋሚ፣ ይብላም ይጠጣም ባዩ ብዙ ነው፤ አብሉን ሲሉት «የለኝም» ማለት የሚችል ገበሬ ግን የለም። አንዱን ካበላ ሌላው ይጠይቀዋል። ከ1885 ዓ.ም. በፊት ወደ ነበረው ሁኔታ የተመለስነው በዚህ በኩል ነው።

የፋሲል ግቢ መታደሱን ደግፌአለሁ፤ ግንቡ ቅርስ ነው፤ እንግዳም ያመጣል። ነገር ግን ስለ ዳባትና ስለ ወገራ የተጻፈ የመልሶ ግንባታ ዕቅድ በእጁ የገባ አንባቢ፣ ከሚሠሩት ክፍሎችና ጤና ጣቢያዎች ቁጥር አጠገብ፣ የጥንድ በሬውን፣ የዘሩንና ገበሬው በዓመት ለታጠቀ ሰው ያቀረበውን እህል ቁጥር ይፈልግ።